የሚቃጠል ገለፈት፣ የሚጠወልግ ችግኝ

ከወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ጀርባ የተቆለለውን ገለፈት ያላየ ሰው ፎገራን አየሁ ባይል ይሻላል። ሩዙ ተፈልፍሎ በጆንያ ሲጫን ገለፈቱ እዚያው ይቀራል። ጥቂቱን ለማገዶ የሚወስደው ይወስደዋል፤ የቀረው ግን ቀስ እያለ ሲጨስ ይከርምና ነጭ አመድ ሆኖ ነፋስ ይበትነዋል። የዚያው ሜዳ ገበሬ ክረምቱን ሩዝ አብቅሎ፣ በጋውን ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውኃ በፓምፕ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ችግኙ ሲጠወልግበት ወይም ቅጠሉ ሲነካበት ደግሞ መድኃኒት ፍለጋ ወደዚያችው ከተማ ይመጣል። የሚጨሰውን ክምር አልፎ ነው የሚሄደው። ይህ ነገር ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ያ ገለፈት አቃጣጠሉ ትንሽ ቢለወጥ ከመድኃኒቱ የማይገኝ ጥቅም ለአፈሩ ሊሰጥ ይችል ነበር።

*

እንዲህ ተለውጦ ሲቃጠል ስለሚገኘው ከሰል፣ ስለ ባዮቻር፣ ሲነሣ ቶሎ የሚመጣው መልስ «አመድማ እናቶቻችንም ጓሮ ሲበትኑ ኖረዋል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ከጎመኑና ከዱባው ሥር አመድ መበተን የቆየ ልማድ ነው፤ ጥቅምም አለው። ባዮቻር ግን ሌላ ነገር ነው። አመድ እሳቱ ካርቦኑን በልቶ ከጨረሰ በኋላ የሚተርፈው ማዕድን ነው። ባዮቻር ደግሞ በቂ አየር ሳያገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት የከሰለ የተክል ተረፈ ምርት ነው። እሳቱ ጋዙንና ዘይቱን ያወጣዋል እንጂ ካርቦኑን አይጨርሰውም። ተክሉ በሕይወት ሳለ ውኃ ሲያመላልስባቸው የነበሩት ቀጫጭን ቧንቧዎች ቀዳዳቸውን እንደያዙ ይከስላሉ፤ ሙቀቱም በራሱ ሌሎች እጅግ ረቂቅ ቀዳዳዎች ይጨምራል። አመድን ጥቂት ክረምት ያጥበዋል። በደንብ የከሰለው ግን አፈር ውስጥ ለመቶዎች ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

*

ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ በቀትር የሚጠወልግ፣ ማታ ቀና የሚል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ጨርሶ የማይነሣ የቲማቲም ተክል ካያችሁ ግንዱን ከሥሩ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡት። ንጹሕ ውኃ ወዳለበት ብርጭቆ አምጡና የተቆረጠውን ጫፍ ብቻ ውኃውን አስነክታችሁ ሳታንቀሳቅሱ ያዙት። ብዙም ሳይቆይ ከግንዱ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ብርጭቆው ታች መውረድ ከጀመረ ማሳችሁ ውስጥ የገባው ራልስቶኒያ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ያ ክር እልፍ አእላፍ ባክቴሪያ ነው። የተክሉን የውኃ መንገድ ሞልቶ ስለሚደፍነው ተክሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይሞታል።

አንዴ ከያዘው በኋላ በርጭት የሚያድነው መድኃኒት የለም። ባክቴሪያው አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በመስኖ ውኃ፣ በዶማ፣ በጫማ ጭቃ ከማሳ ማሳ ይሄዳል፤ ከቲማቲም ወደ ድንች፣ ከድንች ወደ ቃሪያ ይሸጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል ማሳዎችን ያወደመው አጠውልግ በሽታም የዚሁ ባክቴሪያ ሥራ ነበር። ዝንጅብል ሸጦ ልጅ ያስተምር፣ ቤት ይሠራ የነበረ ገበሬ በአንድ የምርት ወቅት ባዶ እጁን ቀረ።

ስለ አፈር መነጋገር ያለብን ለዚህ ነው። ቅጠል ላይ ያለ ፈንገስ በርጭት ይመታ ይሆናል። ሥር ላይ ያለ ጠላት ግን የሚኖረው አፈር ውስጥ ነውና መከላከያውም ከአፈሩ መጀመር አለበት።

*

በዚህ ጉዳይ ብዙ ተመራማሪዎችን ያነቃቃ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በእስራኤሉ ቮልካኒ የግብርና ምርምር ማዕከል ይጋል ኤላድ፣ ኤለን ግራበርና ባልደረቦቻቸው ቲማቲምና ቃሪያ የተተከለበት አፈር ውስጥ ከ1 እስከ 5 በመቶ ባዮቻር ቀላቀሉ። ከዚያ ያዩት በሥሩ ላይ ያለውን ሳይሆን በቅጠሉ ላይ የሚደርሰውን በሽታ ነው፤ ግራጫ ሻጋታ የሚያመጣውን ቦትራይቲስንና ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለውን በሽታ። ባዮቻሩ ቅጠሉን አልነካውም። ያለው አፈሩ ውስጥ፣ ከሥሩ ዙሪያ ብቻ ነው። ሆኖም በቅጠሉ ላይ የሁለቱም በሽታዎች ጉዳት ቀነሰ። ቃሪያን የምታጨማድድ አንዲት ረቂቅ ሸረሪት መሰል ተባይ እንኳን ጉዳቷ ቀለለ።

ባዮቻሩ በሽታ አምጪውን አግኝቶ አልገደለውም። ተክሉ ራሱ ነቅቶ ነው የጠበቀው። ሰፈር ውስጥ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሰምቶ ሌባው ደጁ ሳይደርስ በሩን እንደሚቀረቅር ሰው፣ ተክሉም ከሥሩ የመጣውን ምልክት ተቀብሎ በቅጠሉ ያለውን መከላከያ ቀድሞ ያዘጋጃል። እዚያው ማዕከል ከሁለት ዓመት በኋላ በእንጆሪ ላይ በተሠራ ጥናት ከመከላከል ጋር የተያያዙ የተክሉ ጂኖች ባዮቻር ባለበት አፈር ውስጥ ይበልጥ ሲነቁ ታይቷል።

ይህን ሳነብ ደስ ያለኝ ግኝቱ ተክልን ራሱን መከላከል እንደሚችል ፍጥረት ስለሚያየው ነው። እኛ አገር ከአትክልት ገበሬ ጋር የሚደረገው ንግግር ሁሉ «ምን ትረጫለህ?» በሚለው ይጀመራል። «ተክልህ በምን አፈር ላይ ቆሟል?» ብሎ የሚጀምር ግን እምብዛም አይሰማም።

*

የባዮቻር ሥራ በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በቀዳዳዎቹ ውስጥና በዙሪያው ጠቃሚ ባክቴሪያና ፈንገስ ይበረክታል፤ እነዚህም ከበሽታ አምጪው ጋር ስለ ምግብና ስለ ቦታ ይሻማሉ። ሥሩ የሚያመነጨውን፣ በሽታ አምጪው እያሸተተ የሚመጣበትን ፈሳሽ ከፊሉን ባዮቻሩ ይስበዋል። የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፤ ፉዛሪየም የሚባለው አጠውልግ ፈንገስ ደግሞ ኮምጣጣ አፈር ይወዳል።

በአሜሪካ ኮነቲከት ዌይን ኤልመርና ጆሴፍ ፒግናቴሎ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሥራ ሌላ መንገድ ያሳያል። አስፓራገስ የሚባለው አትክልት ደጋግሞ የተተከለበት መሬት ከቀድሞው ተክል ሥር የቀረ መርዛማ ኬሚካል ያጠራቅማል። መርዙ አዲሱን ሥር ያደክመዋል፤ የደከመውን ሥር ፉዛሪየም በቀላሉ ይገባበታል። ባዮቻሩ መርዙን ወደ ራሱ ሲስበው ሥሩ ከፈንገስ ጋር የሚመሠርተው ጠቃሚ ሽርክና፣ ማይኮራይዛ የሚባለው፣ መልሶ ይጠናከራል። መሬት ጠቦት አንዱን ሰብል በአንዱ ላይ ለሚደጋግም አገር ይህ ሊጠና የሚገባው ጉዳይ ነው።

*

አሁን ደግሞ ማንም ሻጭ የማይነግረንን ልናገር። ሲበዛ ይጎዳል።

እዚያው ቮልካኒ ውስጥ ጃይስዋልና ባልደረቦቹ ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከግሪንሀውስ ተረፈ ተክል የተሠራ ባዮቻር በኪያርና በቦሎቄ ላይ ሞከሩ። ጠላቱ ራይዞክቶኒያ ነበር፤ የችግኙን አንገት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አቅጥኖና አጥቁሮ የሚጥለው ፈንገስ። እስከ 1 በመቶ የሚደርሰው አነስተኛ መጠን በሽታውን ቀነሰው። 3 በመቶ ሲደርስ ግን ጥቅሙ ጠፋ፤ እንዲያውም የባሰበት ጊዜ ነበር።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ቀጥሎ ያለውን ነው። ተክሉን በጣም የሚያሳድገው መጠንና ከበሽታ በደንብ የሚጠብቀው መጠን አንድ አይደሉም። በሽታ በሌለበት ማሳ ላይ ተክሉ ሲፋፋ ያየ ገበሬ «ሠራ፣ እንጨምር» ብሎ በእጥፍ ቢጨምር፣ በሽታው በመጣ ዓመት ያ የፋፋው ተክል ይበልጥ ተጋልጦ ይገኛል። ዓይን የሚያየው ልምላሜ ለጤና ማስረጃ አይሆንም።

*

ሒሳቡን እንሥራው። የአንድ ሄክታር ላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ወደ 2,600 ቶን ይመዝናል። ከዚያ 1 በመቶው 26 ቶን፣ ማለትም 260 ኩንታል ባዮቻር ነው። ከደረቅ ተረፈ ምርት ሲሶው ያህል ከሰል ይገኛል ብንል እንኳ 780 ኩንታል ገለፈት ወይም አገዳ ያስፈልጋል። ሩብ ሄክታር በኮንትራት ይዞ ቲማቲም ለሚተክል ወጣት ይህን መምከር ሰውየውን መናቅ ነው።

የችግኝ መደብ ግን ሌላ ነው። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ መደብ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ያለው አፈር ወደ 650 ኪሎ ይመዝናል። 1 በመቶው 6 ኪሎ ተኩል ነው። ይህን ያህል ከጥቂት ጆንያ የሩዝ ገለፈት በአንድ ከሰዓት ይወጣል። አንገት ቆራጩ ፈንገስ የሚመታውም በመደቡ ላይ፣ ችግኙ ገና ሁለት ቅጠል ሳለ ነው። የጃፓን ገበሬዎች የሩዝ ገለፈት ከሰል ለችግኝ ማፍያ ሲጠቀሙ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ለአትክልተኛ ጅማሬው መደቡ ነው፤ ቀጥሎ ችግኙ ሲዛወር የሚገባባት ጉድጓድ ናት፤ በብስባሽ የተለወሰ አንድ እፍኝ። ስለ ሙሉ ማሳ ማውራት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

*

አፈርን ሳይለዩ ባዮቻር ማዘዝ በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ መጻፍ ይቆጠራል። የጅማ፣ የጎጃም፣ የወለጋ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ እዚያ የከሰሉ አልካላይነት በረከት ነው። የዝዋይና የመቂ ዙሪያ ግን ስምጥ ሸለቆ ነው፤ በርከት ባለው ቦታ አፈሩ ራሱ አልካላይን ነው፤ ጨውም ያለበት አለ። አመዱ የበዛ ከሰል እዚያ ሲጨመር ተክሉ ብረትና ዚንክ ማግኘት ይቸግረውና ቅጠሉ ይገረጣል። ድንች ላይ ደግሞ ቅርፊቱን የሚያሻክረው እከክ መሰል በሽታ የአፈሩ ኮምጣጣነት ሲቀንስ ይብሳል። ለጅማ የተባለ ሁሉ ለመቂ አይሆንም።

*

በሸዋ ደጋ ገበሬው የገብስ ማሳውን አፈር ቆፍሮ፣ ደርቆ ሲከመር ከውስጡ ኩበት ለኩሶ የሚያጋይበት የቆየ አሠራር ነበረ። ይህን የሚያውቁ ሰዎች «ባዮቻር እሱ ነው» ይላሉ። አሠራሩ የሥራ ብዛትና ትልቅ የእጅ እውቀት ያለበት ነው፤ የታሰረውን ንጥረ ነገር ለቆ ገብሱን አንድ ሁለት ዓመት በደንብ ያበቅለዋል። ነገር ግን የአፈሩን የራሱን ብስባሽ ያቃጥለዋል፤ መሬቱም በኋላ ለረጅም ዓመታት ጦም ማደር ያስፈልገዋል። ባዮቻር በተቃራኒው ከውጭ ያመጣነውን ካርቦን አፈሩ ላይ ይጨምራል። ሁለቱን አንድ ማድረግ ለአባቶች እውቀትም ለአዲሱም ፍትሕ አይሆንም።

*

ግራር ቆርጦ ባዮቻር መሥራት ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቃሉን አስቤበት ነው የጻፍኩት። በአብያታና በላንጋኖ ዙሪያ ያለው ግራር ለከተማ ከሰል ሲመነጠር ኖሯል። «ለአፈር ይጠቅማል» የሚል አዲስ ሰበብ ተጨምሮበት አንድም ዛፍ ሊወድቅ አይገባም። የቡና ገለፈት አለ፤ የሩዝ ገለፈት አለ፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ አለ፤ በአፋር የግጦሽ መሬቱን የወረረው ፕሮሶፒስ አለ። ከሰል ቤቶች ወለል ላይ ከጆንያ ጆንያ ሲገለበጥ የሚቀረው ድቃቂም አለ። ጎተራው ሞልቶ ሳለ ጫካ መግባት አያስፈልግም።

ከብት የሚበላውን ጭድና አገዳ መንካትም አይገባም። የላም ራት የሆነውን ለአፈር እንስጥ ማለት በገበሬው ቤት ሌላ ጉድለት መፍጠር ነው።

*

አሠራሩን እዚሁ በአጭሩ ላስቀምጥ። ጎኑ በብዛት የተበሳሳ ቆርቆሮ ጣሳ ላይ እንደ ጭስ መውጫ ረዘም ያለ ቱቦ ይገጠማል። ከጣሳው ሥር እሳት ይለኮስና ደረቁ ገለፈት በዙሪያው ይከመራል። ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሄድ የክምሩ ልብስ ከቡናማ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ጥቁሩ ወደ ውጭ ብቅ ሲል በአካፋ ማገላበጥ ነው። ግራጫ ነገር መታየት ከጀመረ አመድ እየሆነ ነውና ሳይዘገዩ ዘርግቶ ውኃ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል፤ ውስጡ ተደብቆ የቆየ ፍም ሌሊቱን ሁሉን ወደ አመድ ሊለውጠው ስለሚችል ውኃው በደንብ ይጠጣ።

በደንብ መክሰሉን በእጅ መፈተሽ ይቻላል። ቀዝቅዞ ሲፈረፈር ጥቁረቱ በውኃ ብቻ ከእጅ ከለቀቀ ደህና ነው። ሳሙና ካልሆነ አልለቅም ካለና ቅባት ቅባት ካለ ገና ዝፍት አለበት፤ ለችግኝ አይሰጥም። ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ ደረቁን ከማድቀቅ ይልቅ እርጥቡን ማድቀቅ፣ አፍና አፍንጫንም በጨርቅ መሸፈን ይገባል።

አዲሱ ከሰል እንዲሁ አይበተን። ቀዳዳው ባዶ ስለሆነ ናይትሮጅኑን ከችግኙ ጋር ይሻማል፤ ችግኙም ቢጫ ይሆናል። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ሞክሮ «አይሠራም» ብሎ የተወው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ወይም በፍግ ውኃና በከብት ሽንት ርሶ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆይ። ያኔ ምግብም ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያንም ይዞ ይገባል።

*

የመቂን ወይም የቆቃን የአትክልት ማሳ በጠዋት ያየ ሰው የሚያስታውሰው ርጭቱን ነው። ወጣቱ ጓንት የለውም፤ አፉን በሻርፕ ጫፍ ሸፍኖ፣ በባዶ እግሩ እርጥብ ትልም ውስጥ ቆሞ ይረጫል። የፈንገስ መድኃኒቶቹን የማንኮዜብንና የሪዶሚልን ስም እንደ ጨውና እንደ በርበሬ ያውቀዋል። በማግስቱ ገበያ የሚወጣ ቲማቲም ላይም ይረጫል። ከአንድ ርጭት እንኳ የሚገላግለው ነገር ቢገኝ የምንጠብቀው የእሱንም የእኛንም ጤና ነው።

ጥንቃቄው ግን ይነገረው። ባዮቻር ኬሚካል ይስባል። አፈር ላይ የሚረጭ የአረም መድኃኒትና አፈር የሚታጠንበት ጋዝ ባዮቻር ባለበት መሬት ላይ ኃይላቸው ይቀንሳል። ይህ በጥናት የታየ ነው። ገበሬው ሳያውቅ «መድኃኒቱ ደከመ» ብሎ መጠኑን ቢጨምር ያው ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

*

ባዮቻር የማይችለውንም መናገር ታማኝነት ነው። የቲማቲምን ቅጠል ቆፍራ የምትገባውን ቱታ አብሶሉታን አያቆምም። ምች በዝናባማ ሳምንት ማሳውን ሲያጥለቀልቅ ከሰል አለን ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ጥፋት ነው። ራልስቶኒያ ባለበት ማሳም ቲማቲምን በድንች ላይ፣ ድንችን በቲማቲም ላይ መደጋገም እስካልቆመ ድረስ ማንኛውም ከሰል አያድንም። ንጹሕ ዘር፣ ሰብል ማፈራረቅ፣ ውኃ የማይተኛበት መደብ፣ የታመመውን ተክል ነቅሎ ከማሳ ማውጣት ዛሬም ቀዳሚ ናቸው። ባዮቻር ቦታው ከእነዚህ ጎን ነው።

በኤክስቴንሽን ሥራችን አንድ አዲስ ነገር ሲመጣ የቀድሞውን ሁሉ ጠራርጎ እንዲያስወጣ የምንፈልግበት ልማድ አለ። ባዮቻር እንዲህ ሆኖ እንዲገባ አልሻም። በዚያ መንገድ የገባ ነገር የመጀመሪያው ዓመት ችግር ሲገጥመው አብሮ ይጣላል።

*

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በባዮቻር ላይ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል፤ ሥራው በአብዛኛው ስለ አፈር ለምነት ነው። መልካሳ በአትክልት ላይም የሚሠራ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ፎገራ የሩዝ ምርምር ማዕከል አለው። ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ቢገናኙ የፎገራ ገለፈት በፎገራ የሽንኩርትና የቲማቲም መደብ ላይ በየትኛው መጠን፣ በየትኛው በሽታ ላይ እንደሚሠራ ለገበሬው ይነግሩታል። የእስራኤልና የኮነቲከት ውጤት መነሻ ነው እንጂ ለእኛ አፈር መደምደሚያ ሊሆን አይችልም።

እስከዚያው ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ጓሮ ያላችሁ ሁሉ ለመሞከር ማንንም መጠበቅ የለባችሁም። አንድ መደብ ለሁለት ክፈሉ። ዘሩ፣ ውኃውና ብስባሹ በሁለቱም ወገን አንድ ይሁን፤ ከሰሉ በአንዱ ወገን ብቻ ይግባ፤ ከ1 በመቶም አይለፍ። የወደቀውን ችግኝ ከሁለቱም ወገን በየሳምንቱ ቁጠሩና ጻፉ። ለውጥ ካላያችሁም እሱኑ ጻፉትና ለጎረቤታችሁም ለምርምር ማዕከሉም ንገሩ።